የጠፋውን መጽሐፍ መልሶ መጻፍ፦ ሮማውያን በታሪካዊ ልቦለድ

የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሰው ቀላውዴዎስ የሚባል ቄሳር እንደ ነበረ ያውቃል። በዘመኑ ረኃብ ሆነ፣ አይሁድም ከሮም እንዲወጡ አዘዘ፤ መጽሐፉ ስለ እርሱ የሚነግረን ይህን ያህል ነው። አውግስጦስ ቄሳርም በሉቃስ ወንጌል ዓለሙ ሁሉ እንዲቆጠር ትእዛዝ አውጥቶ ያልፋል። እነዚህ ሰዎች ማንን ይፈሩ ነበር? ማዕድ ላይ ሲቀመጡ ምን ያወሩ ነበር? ዘመዳቸውን ያስገደሉ ዕለት ማታ እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር? የታሪክ ምሁር እንዲህ ያለውን ጥያቄ ማስረጃ የለኝም ብሎ ይተወዋል። ልቦለድ ደራሲ ከዚያው ይጀምራል።

ታሪካዊ ልቦለድ ለአማርኛ አንባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ አቤ ጉበኛም በ«አንድ ለናቱ» ዐፄ ቴዎድሮስን ሥጋና ደም አልብሰው አሳይተውናል። ሕጉ እዚያም እዚህም አንድ ነው፤ የታወቀውን አታፍርስ፣ ያልታወቀውን አሳማኝ አድርገህ ሙላ። ስለ ጥንታዊት ሮም የተጻፉት ልቦለዶች ግን የራሳቸው የሆነ አንድ ጠባይ አላቸው። በእኔ ሚዛን ከሁሉም የላቁት፣ በአንድ ወቅት በእርግጥ በነበሩ፣ ሰዎች ባነበቧቸው፣ ኋላም በጠፉ መጻሕፍት ምትክ የተጻፉት ናቸው።

መጽሐፍ እንዴት ይጠፋል? ሮማውያን መጽሐፍ የሚጽፉት በአብዛኛው በፓፒረስ ጥቅል ላይ ነበር። ፓፒረስ እንደ ግብጽ በረሃ ባለ ደረቅ ቦታ ካልሆነ በቀር እርጥበት ይበላዋል፤ ስለዚህ አንድ ድርሰት እንዲቆይ በየጊዜው የሚገለብጠው ሰው ያስፈልገዋል። ገልባጭ ያላገኘው ቀረ። ሊቪየስ የሮምን ታሪክ በ142 መጻሕፍት ከፍሎ ጻፈ፤ ለእኛ የደረሱን 35 ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ቄሳሮች ዘመን ከማንም በላይ አሳምሮ የጻፈው የታሲተስ ሥራም መካከሉ ተጎምዷል፤ የካሊጉላ ዘመን በሙሉ፣ የቀላውዴዎስም የመጀመሪያ ዓመታት የሉበትም። ሮበርት ግሬቭስ ድንኳኑን የተከለው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ግሬቭስ እንግሊዛዊ ገጣሚ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት፣ በ1916 በሶም ውጊያ ክፉኛ ቆስሎ ሞቷል ተብሎ ለቤተሰቡ መርዶ ተልኮ ነበር። ከሞት ተርፎ፣ ከዓመታት በኋላ በስፔን የማዮርካ ደሴት ዴያ በምትባል መንደር ሲኖር፣ ገንዘብ በቸገረው ጊዜ «እኔ፣ ቀላውዴዎስ» የተባለውን ልቦለድ ጻፈ። በ1934 ታተመ።

ቀላውዴዎስ ላይ ላዩን ሲታይ ለዋና ገፀ ባሕርይነት የሚመረጥ ሰው አይደለም። ያነክሳል፣ ይንተባተባል፣ ሲናደድ አፍንጫው ይፈስሳል። እናቱ አንቶኒያ ደደብ ሰው ስታገኝ ከገዛ ልጇ ጋር እያመሳሰለች ትሰድብ ነበር። የአያቱ ባል አውግስጦስ፣ ይህን ልጅ አደባባይ እናውጣው ወይስ እንደብቀው እያለ ለሚስቱ ለሊቪያ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ሱዌቶንየስ የተባለው የቄሳሮች ሕይወት ጸሐፊ ቃል በቃል ጠቅሷቸዋል። ቤተ ዘመዱ በሰይፍና በግዞት ሲያልቅ ቀላውዴዎስን ያተረፈው ይህ ንቀት ነው። በ41 ዓ.ም ካሊጉላ በተገደለ ዕለት መጋረጃ ኋላ ተሸሸገ። አንድ ወታደር ከመጋረጃው ሥር እግር አይቶ ጎትቶ አወጣው። ሊገድለኝ ነው ብሎ ጉልበቱ ላይ ሲወድቅ ወታደሩ ንጉሠ ነገሥት ብሎ እጅ ነሣው። ይህን ሁሉ ግሬቭስ የፈጠረው የሚመስለው አንባቢ ብዙ ነው፤ ተራኪው ሱዌቶንየስ ነው። ለየወታደሩ 15,000 ሴስተርስ ሊሰጥ ቃል ገብቶ ዙፋኑን እንዳጸናም የሚነግረን እርሱው ነው።

ይህ የተናቀ ሰው የታሪክ ምሁርም ነበር። በወጣትነቱ ጻፍ ብሎ ያደፋፈረው ሊቪየስ ራሱ ነው። ስለ ኤትሩስካውያን 20፣ ስለ ካርታጎ 8 መጻሕፍት ጽፏል። ከዩልዮስ ቄሳር መገደል በኋላ ስለ ነበረው የእርስ በርስ ጦርነት መጻፍ ጀምሮ ደግሞ፣ እናቱና አያቱ እየተቆጡ ስለ ነዘነዙት ያንን ዘመን ዘሎታል። እውነቱን ጽፎ በሰላም ማደር እንደማይችል ገብቶታል ማለት ነው። የገዛ ሕይወቱንም በ8 መጻሕፍት ጽፎ ነበር፤ ሱዌቶንየስ አንብቦት፣ ቋንቋው ባይከፋም ማስተዋል ይጎድለዋል ሲል ተችቶታል። ከእነዚህ ሁሉ ዛሬ አንዱም የለም።

የግሬቭስ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ስምንቱን መጻሕፍት ለአደባባይ የተጻፉ አሰልቺ ነገሮች አድርጎ ወደ ጎን ተዋቸው፤ ከእነርሱ ሌላ ቀላውዴዎስ በምስጢር፣ ለሩቅ ትውልድ የጻፈው እውነተኛ ታሪክ እንዳለ አድርጎ አሰበ፤ ያንን ጻፈው። ልቦለዱን የሚተርከው ታሪክ ጸሐፊ ስለ ሆነ፣ መሃል ላይ ቆም ብሎ ይህን የሰማሁት ከእገሌ ነው፣ ያኛውን ግን አላየሁም ማለት ይችላል። አንባቢም ያምነዋል። ወጣቱ ቀላውዴዎስ በአፖሎ ቤተ መጻሕፍት ከሊቪየስና ከሌላው ታሪክ ጸሐፊ ከፖሊዮ ጋር የሚገናኝበት ምዕራፍ አለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ታሪክ ሰውን ለበጎ ምግባር ማነሣሣት አለበት ወይስ የሆነውን እንዲሁ መናገር፣ እያሉ ልጁ ፊት ይከራከራሉ። ስለ ታሪካዊ ልቦለድ ማስተማር ቢኖርብኝ ከዚያ ምዕራፍ እጀምራለሁ።

ታዲያ ግሬቭስ ምን ያህል ይታመናል? ሊቪያን እንይ። በልቦለዱ የአውግስጦስ ሚስት ለልጇ ለጢባርዮስ ዙፋኑን ለማስለቀቅ ወራሾቹን አንድ በአንድ በመርዝ የምትጨርስ፣ አስፈሪና አስቂኝ ሴት ናት። ወራሾቹ በእርግጥ ሞተዋል፤ ማርሴሉስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ23፣ ሉክዮስ በ2 ዓ.ም በማርሴይ ከተማ፣ ጋይዮስ በ4 ዓ.ም አርመንያ ላይ ቆስሎ ወደ ሮም ሲመለስ በሉቅያ። ታሲተስ የእንጀራ እናት ተንኮል ይሆን እንዴ ብሎ ጥርጣሬ ይዘራል፤ አይወስንም። ግሬቭስ ወሰነ። የዛሬ የታሪክ ምሁራን አብዛኞቹ አይከተሉትም፤ አንዱ ማርሴይ አንዱ እስያ የሞቱትን ወጣቶች ሮም ላይ ካለች አሮጊት እጅ ጋር ማያያዝ ከባድ ነው። በሽታ በዚያ ዘመን መርዝ አያስፈልገውም ነበር።

ደራሲው ግን ከዚሁ ሐሜት አንድ የሚያስደንቅ ነገር ሠራ። በታሪክ የተረጋገጠ ነጥብ አለ፤ ሊቪያ በ29 ዓ.ም ስትሞት ጢባርዮስ በአማልክት ቁጥር እንድትገባ አልፈቀደም፤ የፈቀደው ከ13 ዓመት በኋላ ቀላውዴዎስ ነው። ዕድሜ ልኳን የናቀችውን የልጅ ልጅ ይህን እንዲያደርግ ምን ገፋፋው? የታሪክ ምሁር፣ አያቱን አምላክ ማድረግ የራሱን የዘር ሐረግ ከፍ ያደርግለታል ይላል፤ ትክክል ሳይሆን አይቀርም። ግሬቭስ ደግሞ ሁለቱን ለእራት ያስቀምጣቸዋል። አሮጊቷ ወንጀሏን ሁሉ ትነግረዋለች፤ ዋጋው፣ ስትሞት በሲኦል እንዳትሠቃይ አምላክ ሊያደርጋት ቃል መግባቱ ነው። መነሻው እውነት፣ መድረሻው እውነት፣ መካከሉ ፈጠራ። ጥሩ ታሪካዊ ልቦለድ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ የታወቁ ሁለት ነጥቦችን ይይዛል፣ ድልድዩን ራሱ ይሠራል።

የጥንቶቹ ታሪክ ጸሐፊዎችስ ከዚህ ያን ያህል የራቁ ነበሩ? በ48 ዓ.ም ቀላውዴዎስ፣ ከጎል (ከዛሬዋ ፈረንሳይ) የመጡ ሹማምንት ወደ ሴኔት እንዲገቡ ንግግር አድርጓል። ታሲተስ ንግግሩን በመጽሐፉ አስፍሮታል። በ1528 ሊዮን ከተማ ላይ ያው ንግግር የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ ተገኘ። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ሐሳባቸው አንድ ሆኖ ቃላቸው የተለያየ ነው፤ ነሐሱ ላይ ያለው ቀላውዴዎስ ከርእሱ ወጣ ገባ የሚል፣ ስለ ጥንት ነገሥታት ማውራት የማይጠግብ ሰው ነው። ታሲተስ አሳጥሮ፣ አስተካክሎ፣ በራሱ ብዕር ጽፎታል። ለእኔ የነሐሱ ቀላውዴዎስ ለግሬቭሱ ቀላውዴዎስ ይቀርባል። ገጣሚው ሰውዬውን አውቆታል።

ግሬቭስ በ1957 ሱዌቶንየስን ራሱን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሟል። ልቦለዱ በ1976 በቢቢሲ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ፣ ዴሬክ ጃኮቢ ቀላውዴዎስን ተጫውቶ፣ ከመጽሐፉም በላይ ታወቀ።

ሁለተኛው የጠፋ መጽሐፍ የቄሳር ሥራ አይደለም። ቲሮ የሚባል ባሪያ የሲሴሮ ጸሐፊ ነበር። ሲሴሮ የሮም ሪፐብሊክ ታላቁ ጠበቃና ተናጋሪ ነው። ቲሮ ጌታው የሚናገረውን በፍጥነት ለመያዝ የአጭር ጽሑፍ ምልክቶች አዘጋጀ ይባላል፤ በእርሱ ስም የሚጠሩት ምልክቶች በመካከለኛው ዘመን ገዳማት አገልግለዋል፤ አንዱ እስከ ዛሬ በአየርላንድ የመንገድ ሰሌዳዎች ላይ ይታያል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ53 ነፃ ወጣ። ከጌታው ሞት በኋላ የሲሴሮን የሕይወት ታሪክ ጻፈ፤ የጥንት ጸሐፊዎች ይጠቅሱታል፣ መጽሐፉ ግን አልደረሰንም።

ጋዜጠኛ የነበረው እንግሊዛዊው ሮበርት ሃሪስ ያንን መጽሐፍ በሦስት ቅጽ መልሶ ጻፈው፤ «ኢምፔሪየም» በ2006፣ «ሉስትረም» በ2009፣ «ዲክታተር» በ2015። የመጀመሪያው ክፍል የሚያጠነጥነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ሲሴሮ የሲሲሊ ገዥ የነበረውን ቬሬስን በዝርፊያ በከሰሰበት ችሎት ላይ ነው። ሃሪስ እንደ ግሬቭስ መርዝ አያስፈልገውም። የሲሴሮ ደብዳቤዎች ከ900 በላይ የሚሆኑት ተርፈዋል፤ ሰውዬው ለወዳጁ ለአቲከስ ስለ ብድር፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ፍርሃቱ፣ ስለ ልጁ ሞት ሳይሸሽግ ጽፏል። ስለዚህ ሦስቱ ቅጾች ሪፐብሊክ እንዴት እንደሚሞት ደረጃ በደረጃ የሚያሳዩ የፖለቲካ ልቦለዶች ሆኑ፤ ድምፅ ይገዛል፣ ዳኛ ይገዛል፣ ቀጥሎ ጦር ያለው ሰው መግዛትም አያስፈልገኝም ይላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ43 ታኅሣሥ የጠላቱ የአንቶንዮስ ሰዎች ሲሴሮን ገደሉ፤ ራሱና እጁ እርሱ ይናገርበት በነበረው መድረክ ላይ ተሰቀሉ። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ነው። ሃሪስ ቲሮን በባርነቱ ብዙም የማይቆረቁረው ሰው አድርጎታል። ዕድሜውን በሰው ንብረትነት ያሳለፈ ብሩህ አእምሮ ከዚህ የመረረ ነገር ውስጡ ሊኖር ይገባ ነበር።

ሦስተኛው የሐድርያን ነው። ከ117 እስከ 138 ዓ.ም የገዛው ይህ ንጉሠ ነገሥት ግለ ታሪኩን ጽፎ ነበር፤ ጠፍቷል። ስለ እርሱ የቀሩን ዋና ምንጮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የካሲየስ ዲዮ ታሪክ በሌሎች እጅ የታጠረው ነው፤ ሌላው ደግሞ ስድስት ደራሲዎች ጻፉት የተባለ፣ ምሁራን ግን የአንድ ሰው ሥራ ነው የሚሉት፣ በሐሰተኛ ደብዳቤዎች የተሞላ የቄሳሮች ታሪክ ነው። የመጀመሪያው የሮም ታሪካዊ ልቦለድ እርሱ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

በፈረንሳይኛ ትጽፍ የነበረችው ማርግሪት ዩርስናር በዚህ በሳሳ መሬት ላይ የገነባችው «የሐድርያን ማስታወሻ» በ1951 ወጣ። በ20ዎቹ ዕድሜዋ ጀምራ ተወችው። በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ሳለች፣ ስዊዘርላንድ የቀረ ሣጥኗ መጣላት። አሮጌ ወረቀት እየለየች ስትጥል ማርቆስ ለሚባል ወዳጅ የተጻፈ ደብዳቤ አገኘች፤ የትኛው ማርቆስ እንደ ሆነ ለማስታወስ ጥቂት ቆየች። የልቦለዱ ቁራጭ ነበር፤ ማርቆስም ኋላ የሚነግሠው ማርቆስ አውሬልዮስ። ልቦለዱ በሙሉ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ነው፤ ልቡ የደከመ ሽማግሌ ንጉሥ ለወጣት ወራሽ የሚጽፈው። ውጊያ የለበትም ማለት ይቻላል፤ ንግግርም ጥቂት ነው። ፍጥነት ለለመደ አንባቢ ይከብዳል፤ ታግሦ ላነበበው ግን ከሁሉ ይበልጣል። በ1635 የተመሠረተው የፈረንሳይ አካዳሚ በ1980 የመረጣት የመጀመሪያዋ ሴት ዩርስናር ናት።

እርሷን ስናነብ ጥንቃቄ የሚያሻው ይሁዳ ላይ ነው። ከ132 ዓ.ም ጀምሮ አይሁድ በሐድርያን ላይ ተነሡ፤ ካሲየስ ዲዮ በውጊያ የሞቱትን 580,000 ያደርሳቸዋል። የልቦለዱ ሐድርያን ይህን ጦርነት ከራሱ ጥፋት ይልቅ በሌሎች ግትርነት ያሳብባል። ገዥ ሁሉ እንዲህ ያስባል፤ ደራሲዋም አታርመውም። በአንደኛ መደብ የተጻፈ ልቦለድ ስናነብ ተራኪው ጠበቃችን እንዳልሆነ ማስታወስ የእኛ ሥራ ነው።

ምንም መጽሐፍ ያልተዉትስ? ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ73 እስከ 71 ሮምን ያንቀጠቀጡት የስፓርታከስ ባሪያዎች አንድ ቃል እንኳ አልጻፉም። የተማረኩት 6,000 ከካፑዋ እስከ ሮም በመንገዱ ዳር ተሰቀሉ፤ ታሪካቸውን የጻፉት የሰቃዮቹ ወገኖች ናቸው። እንዲህ ያለው ባዶ ቦታ ደራሲው የራሱን ዘመን እንዲያስገባበት ይጋብዛል። አሜሪካዊው ሃዋርድ ፋስት በኮሚኒስትነቱ ምክንያት በ1950 ታስሮ ወጥቶ «ስፓርታከስ»ን ጻፈ፤ አሳታሚ ቢያጣ በ1951 ራሱ አሳተመው። ሄንሪክ ሼንኬቪች «ኩዎ ቫዲስ»ን ሲጽፍ አገሩ ፖላንድ በሦስት ኃያላን ተከፋፍላ ከካርታ ጠፍታ ነበር፤ በቄሳሩ በኔሮን የተሳደዱት ክርስቲያኖች መከራ ለፖላንድ አንባቢ ምን እንደሚናገር ግልጽ ነው። የ«ቤን ሁር» ደራሲ ልው ዋላስ ደግሞ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጄኔራል ነበር። እነዚህ መጻሕፍት ዛሬ ሲነበቡ ስብከታቸው ይረዝማል፤ ፊልሞቻቸው የተሻለ ዕድሜ አግኝተዋል።

ስለ ፊልም ካነሣን፣ በ2000 የወጣው «ግላዲያተር» ኮሞዶስ አባቱን ማርቆስ አውሬልዮስን አንቆ ሲገድል ያሳያል። ማርቆስ የሞተው በ180 በሕመም ነው፤ ልጁም ከ177 ጀምሮ አብሮት ነግሦ ነበር። ኮሞዶስ በትግል ሜዳ መግባቱ ግን እውነት ነው፤ የሞተውም በ192 የመጨረሻ ቀን፣ ናርሲሰስ በሚባል ትግለኛ ታንቆ ነው። እውነቱ ከፊልሙ ባልተናነሰ ያስገርማል።

ሮዝሜሪ ሰትክሊፍ በ1954 ለወጣቶች የጻፈችው «የዘጠነኛው ንስር» ሌላ ዓይነት ትምህርት ይሰጣል። የተነሣችው ከሁለት ነገር ነው፤ ዘጠነኛው ሌጌዎን ወደ ስኮትላንድ ዘምቶ ጠፋ ከሚል ግምትና ሲልቼስተር ላይ በቁፋሮ ከተገኘ ክንፍ አልባ የነሐስ ንስር። ዛሬ ሌጌዎኑ ወደ አሁኗ ኔዘርላንድ ተዛውሮ እንደ ነበር የሚያሳዩ ማኅተሞች ተገኝተዋል፤ ንስሩም የጦር ዓርማ ሳይሆን የሐውልት ክፍል ነው ይባላል። ሁለቱም መሠረቶች ተናጉ፤ ልቦለዱ አልወደቀም። አባቱን የሚፈልግ ልጅ ታሪክ ከሸክላ ማኅተም ይበረታል።

ለጀማሪ የምመክረው የሰትክሊፍን ወይም የሃሪስን አስቀድሞ፣ ቀጥሎ ግሬቭስን ከሱዌቶንየስ ጋር ጎን ለጎን፣ ዩርስናርን በመጨረሻ ማንበብ ነው። ሱዌቶንየስ ቀላልና ሐሜተኛ ስለ ሆነ አያስፈራም፤ ደራሲው ከየት ወስዶ የት እንደ ጨመረ በአንድ ምሽት ይታያል።

ያልተጻፉም አሉ። የኔሮን እናት አግሪፒና ማስታወሻ ጽፋ ነበር፤ ታሲተስ አንብቦታል፣ እኛ የለንም። ለአማርኛ ደራሲ ደግሞ ከዚህ የቀረበ ክፍተት አለ። በ350ዎቹ የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንጢዮስ 2ኛ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ላከ፤ የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ የሾመውን ፍሬምናጦስን፣ ማለት አባ ሰላማን፣ ወደ እስክንድርያ መልሱልኝ፣ የአርዮሳውያኑ ጳጳስ ጊዮርጊስ ሃይማኖቱን ይመርምረው የሚል። ደብዳቤውን አትናቴዎስ በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ስላስገባው ተርፏል። የአክሱም መልስ አልተገኘም። ደብዳቤውን ማን ተቀበለ፣ ማን ተረጎመው፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ምን ተባባሉ፣ አባ ሰላማስ ሲነበብ እዚያ ነበር? የኢዛና የድንጋይ ጽሑፎች በግዕዝም በግሪክም አሉ፤ ስለ ፍሬምናጦስ የሚነግረን የሩፊኖስ ትረካ አለ፤ የሮሙ ደብዳቤ አለ። መልሱን የሚጽፍ ብዕረኛ ካለ ይጻፍልን።